ምዕራፍ 7፦ ኮሌጁ የት ነው?

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሽቅቡን የያዘ ሰው የአሜሪካ ኤምባሲን አጥር አልፎ ብዙም ሳይራመድ ሽሮ ሜዳ ይገባል። ኤምባሲው ደጃፍ ላይ ፋይላቸውን በደረታቸው ያቀፉ የቪዛ ባለጉዳዮች ይቆማሉ፤ ትንሽ ከፍ ሲሉ በየሱቁ በር ላይ የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ ተሰቅሏል። ሁለቱ ደጆች የማይተዋወቁ ይመስላሉ እንጂ ባልንጀሮች ናቸው። ታች ቪዛ ያገኘች ልጅ ላይ ወጥታ ቀሚስ ትገዛለች፤ ከሄደች በኋላም ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለፋሲካ ልኳን እየላከች ታሠራለች። ከጋሞ ደጋ መጥተው ጉለሌ የከተሙት የዶርዜ ሸማኔዎች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው መወርወሪያ ሲወረውሩ ከሚውሉት ጨርቅ ስንቱ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሄዶ ይለበሳል።

በ2009 ዓ.ም. ኅዳር መግቢያ ላይ እዚያው ሽሮ ሜዳ አንድ የቆየ ደንበኝነት ያለኝ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ዶናልድ ትራምፕ ሂላሪ ክሊንተንን ካሸነፉ ሳምንት አልሞላም። ባለሱቋ እትዬ ክር እየጠቀለሉ ቀና አሉ።

«አንተ ጋዜጣ ታነባለህ፤ እስቲ ንገረኝ። ብዙ ድምፅ ያገኘችው ሴትዮዋ ናት ይላሉ። ያሸነፈው ደግሞ ሰውየው ነው ይላሉ። የቱ ነው ውሸቱ?»

«ሁለቱም እውነት ነው፣ እትዬ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ኤሌክቶራል ኮሌጅ የሚሉት ነገር አላቸው። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው እሱ ነው።»

«ኮሌጁ የት ነው?»

«የትም። ሕንፃ የለውም።»

«ተማሪስ?»

«538 ሰው አለው። ግን አንድ ቀንም በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው አያውቁም።»

እትዬ ሳቁብኝ። ቀጥለው ያሉት ግን ሳቅ አልነበረበትም። ልጃቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ናት፣ የወንድማቸው ልጅ ላስ ቬጋስ ታክሲ ይነዳል፤ ሁለቱም ዜግነት ወስደው ሁለቱም መርጠዋል። «የሁለቱ ድምፅ ግን እኩል ነው፣ አይደለም?» አሉኝ።

ተንተባተብኩ። ያን ቀን ልል ሲገባኝ ያላልኩት ነው ይህ ምዕራፍ።

ከአሜሪካ በፊት ከእድር ብንጀምር ይቀለናል። በአንድ ሰፈር ሦስት እድሮች አሉ እንበል፤ የላይኛው፣ የመካከለኛውና የታችኛው። እያንዳንዳቸው መቶ መቶ አባል አላቸው። ድንኳኑንና ሰታቴውን በጋራ ለመግዛት ተስማሙና አንድ የጋራ ሊቀመንበር ይምረጡ ተባለ። ለእጩነት ጋሽ ታደሰና ወይዘሮ አስካለ ቀረቡ። ሦስት መቶውን ሰው በአንድ ሜዳ ሰብስቦ እጅ ከማስወጣት ይልቅ፣ እያንዳንዱ እድር በየቤቱ መርጦ «የኛ እድር እገሌን ብሏል» የሚል አንድ ድምፅ ይላክ ተባለ።

የላይኛው እድር 51 ለ49 ታደሰን አለ። የመካከለኛውም 51 ለ49 ታደሰን አለ። የታችኛው ግን ወይዘሮ አስካለ ቀብርም ሆነ ተዝካር ቀርተው አያውቁምና 90 ለ10 አስካለን አለ። ውጤቱ ሁለት ለአንድ፤ ጋሽ ታደሰ ሊቀመንበር ሆኑ። አሁን ራስ በራስ እንቁጠር። ታደሰ 112፣ አስካለ 188። ማንም አላጭበረበረም፤ ኮሮጆም አልተሰረቀም። የታችኛው ሰፈር ሰዎች ከ51 በላይ የጨመሩት ድምፅ ሁሉ ከንቱ ቀረ፣ በላይኛውና በመካከለኛው ሰፈር ለአስካለ የወጡት 98 እጆችም በር ላይ ቀሩ። የአሜሪካ ምርጫ ዋናው ምሥጢር ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን የራሱ ጉድ አለው።

የመጀመሪያው ዝርዝር፣ ግዛቶቹ እንደ ሦስቱ እድሮች እኩል አይደሉም። እያንዳንዱ ግዛት በተወካዮች ምክር ቤት ባለው መቀመጫ ልክ ድምፅ ይሰጠዋል፤ ይህ በሕዝብ ብዛት የሚሰፈር ነው። በዚያ ላይ ለሁለቱ ሴናተሮቹ ሁለት ይጨመርለታል፤ ይህ ትልቅ ትንሽ ሳይል ለሁሉም እኩል ነው። የተወካዮቹ 435፣ የሴናተሮቹ 100፣ ለዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ 3፤ በድምሩ 538። ለማሸነፍ ግማሹንና አንድ፣ ማለትም 270 ያስፈልጋል። ስድስት መቶ ሺህ ሰው የማይሞላት ዋዮሚንግ 3 ድምፅ አላት፤ ወደ 39 ሚሊዮን ሰው ያላት ካሊፎርኒያ 54። ሲካፈል ዋዮሚንግ ውስጥ ከሁለት መቶ ሺህ ላነሰ ሰው አንድ ድምፅ ይደርሳል፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዱን ድምፅ ከሰባት መቶ ሺህ በላይ ሰው ይካፈለዋል።

ብዙ ጸሐፊዎች እዚህች ላይ ይቆሙና «ትንንሾቹ ግዛቶች ትልልቆቹን ይረግጣሉ» ብለው ይዘጉታል። እኔ አይመስለኝም። ለዋዮሚንግ ሲል መንገድ የጀመረ እጩ ማን አየ? የሰፈሩን ነገር የሚወስነው የሁለቷ ጭማሪ ሳትሆን «አሸናፊው ሁሉን ይጠቅልል» የሚለው ደንብ ነው፤ 51 ያገኘ መቶውን የሚወስድበት። ይህ ደንብ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም። ሕገ መንግሥቱ ያለው ወኪል መራጮቹን፣ ማለትም 538ቱን ሰዎች፣ በምን መንገድ እንደሚሾም እያንዳንዱ ግዛት በምክር ቤቱ ይወስን ነው። ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ1800 ለቶማስ ጄፈርሰን እንዲያደላ ብላ ሁሉን ጠቅላይ አደረገችው፤ ሌሎቹም እኔ ብከፋፍል እከስራለሁ እያሉ ተከተሉ። ዛሬ ከሃምሳው ግዛት በምርጫ ወረዳ የሚከፋፍሉት ሜንና ኔብራስካ ብቻ ናቸው።

ለምን ይህን ጠመዝማዛ መንገድ መረጡ? የፕሬዚዳንት አመራረጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1787 በጋ ሕገ መንግሥቱን ሊጽፉ ፊላደልፊያ የተሰበሰቡት ሰዎች ደጋግመው ተነጋግረው ደጋግመው ያፈረሱት ጉዳይ ነው። ምክር ቤቱ ይምረጥ ቢባል የምክር ቤቱ አሽከር ይሆናል ተባለ። ሕዝቡ በቀጥታ ይምረጥ ቢባል የቨርጂኒያው ጆርጅ ሜሰን፣ ይህማ ዓይነ ስውርን ቀለም አስመርጡ እንደማለት ነው ብሎ ተቃወመ። ሽሮ ሜዳ ጥለት ሲመረጥ ላየ ሰው ምሳሌው ይገባዋል፤ ንቀቱም ይገባዋል። በአንዱ ግዛት ያለ ገበሬ የሌላውን ግዛት ሰው በምን ያውቀዋል ነበር ነገሩ፤ ሬዲዮ የለ፣ ባቡር የለ።

ከንቀቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር። ባርነት። በደቡብ ግዛቶች ከነዋሪው ትልቅ ክፍል ባሪያ ነው፤ ባሪያ አይመርጥም። በቀጥታ ቢቆጠር ደቡቡ እንደሚጎዳ ጄምስ ማዲሰን ራሱ በጉባኤው ላይ ተናግሯል። በወኪል መራጭ ከሆነ ግን የግዛቱ ድምፅ በምክር ቤት መቀመጫው ልክ ነው፣ መቀመጫው ደግሞ አምስት ባሪያ እንደ ሦስት ሰው እየተቆጠረ የተሰፈረ ነው። ስለዚህ ድምፅ የሌለው ሰው ለጌታው ድምፅ ይጨምርለት ነበር። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ፕሬዚዳንቶች አራቱ የባሪያ ጌቶች የሆኑ የቨርጂኒያ ሰዎች መሆናቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ዛሬ አሌክሳንድሪያ በእንጀራ ቤቶቿ የምናውቃት፣ ያችው ቨርጂኒያ።

ወኪል መራጮቹስ? ሲጀመር የታሰቡት አገር ያመነባቸው፣ ነገር የሚመዝኑ ሽማግሌዎች እንዲሆኑ ነበር። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ «ልጅቷን አይታችሁ፣ ቤተሰቡን መርምራችሁ እንደመሰላችሁ አድርጉ» ብሎ እንደ መላክ። ፓርቲ የሚባል ነገር ሲመጣ ግን ሽማግሌው ደብዳቤ አድራሽ ሆነ። ዛሬ እነዚህ 538 ሰዎች የፓርቲ ታማኞች ናቸው፤ በታኅሣሥ ወር በየግዛታቸው ዋና ከተማ ተሰብስበው አስቀድሞ የታወቀውን ስም ይጽፋሉ፣ ወረቀቱ ታሽጎ ይላካል፣ ጥር 6 ቀን እ.ኤ.አ. በምክር ቤቶቹ የጋራ ስብሰባ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሰባቱ ከታዘዙት ስም ውጭ ጽፈው ነበር፤ ውጤት ግን አልለወጡም። በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግዛቶች ወኪሎቻቸውን በቃላቸው ማሰር ይችላሉ ብሎ ወሰነ። እንግዲህ ሽማግሌው ቃል የማያወጣ ከሆነ ስለምን ይላካል የሚል ይኖራል። እኔም እላለሁ።

በእድሩ ምሳሌ የጋሽ ታደሰን ዕድል ያገኙ ፕሬዚዳንቶች አምስት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1824፣ በ1876፣ በ1888፣ በ2000ና በ2016። የ1824ቱ ለየት ይላል፤ ከአራቱ ተወዳዳሪዎች ማንም ግማሹን ስላልሞላ ነገሩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሄዶ፣ በሁለቱም ቆጠራ የመራው አንድሩ ጃክሰን ቀርቶ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ተመረጠ።

ከሁሉም አንጀት የሚበላው የ2000ው ነው። አል ጎር በመላ አገሪቱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ድምፅ በልጠው፣ ፍሎሪዳ ላይ ግን ከስድስት ሚሊዮን ከሚጠጋ መራጭ በ537 ድምፅ ተበለጡ። 537 ሰው እኮ በአንድ የጉለሌ ተዝካር ድንኳን ዙሪያ የሚገኝ ሰው ነው። የፍሎሪዳ 25 ድምፅ ሙሉ በሙሉ ለጆርጅ ቡሽ ገባ፤ ለወር ያህል ካርድ እያገላበጡ ከተከራከሩ በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድጋሚ ቆጠራውን አስቆመ፤ ቡሽ 271 ለ266 አለፉ።

እትዬ የጠየቁኝ የ2016ቱ ደግሞ በእድሩ ስሌት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ክሊንተን ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ድምፅ በልጠዋል። ትርፉ ግን ብዙው የታችኛው ሰፈር ትርፍ ነው፤ ካሊፎርኒያ ላይ የተቆለለ። ትራምፕ በሚሺጋን፣ በዊስኮንሲንና በፔንሲልቬኒያ በሦስቱ ተደምሮ ሰማንያ ሺህ በማይሞላ ድምፅ አልፈው ሦስቱንም ጠቀለሉ። በ2020 ጆ ባይደን በሰባት ሚሊዮን ድምፅ በልጠው እንኳ ለጥቂት ነው የተረፉት፤ የጆርጂያ፣ የአሪዞናና የዊስኮንሲን ልዩነታቸው ተደምሮ 43 ሺህ አይሞላም። ሦስቱ ቢገለበጡ ኖሮ 269 ለ269 እኩል ይወጡ ነበር። እኩል ሲወጣ ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ይመርጣል፤ በመቀመጫ ብዛት ሳይሆን እያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ ይዞ፣ ዋዮሚንግ ከካሊፎርኒያ እኩል። በ2024 ትራምፕ በሁለቱም ቆጠራ ስለበለጡ ክርክሩ ለጊዜው ተኛ።

አሁን ወደ እትዬ ቤተሰብ። ልጃቸው ያለችበት ሜሪላንድ ከእ.ኤ.አ. 1988 ወዲህ ለሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ድምፅ ሰጥታ አታውቅም። 10 ድምፆቿ ገና ምርጫው ሳይደርስ የታወቁ ናቸው። ልጅቷ ሥራ አስፈቅዳ፣ ወረፋ ቆማ ብትመርጥ የዴሞክራቶቹ ትርፍ በአንድ ይጨምራል፤ ሪፐብሊካን ብትመርጥ ከንቱ ከቀሩት ጋር ትቆጠራለች። የትኛውም እጩ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥቶ «እናንተ ኢትዮጵያውያን ምን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም፤ ገንዘብ ለማሰባሰብ ካልሆነ። የወንድማቸው ልጅ ያለበት ኔቫዳ 6 ድምፅ ብቻ ነው ያላት፤ ግን በ2016 ክሊንተን፣ በ2020 ባይደን ከአርባ ሺህ ባነሰ ልዩነት አሸንፈውባታል፣ በ2024 ወደ ትራምፕ ዞራለች። ላስ ቬጋስ ደግሞ በስሙ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚባል አካባቢ እስኪሰየም ድረስ የኛ ሰው የበዛባት ከተማ ናት። ባለታክሲው በር ይንኳኳል፤ ስልኩ ይደወላል፤ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ቢደርሰውም አይገርምም። የሁለቱ የአጎትና የአክስት ልጆች ወረቀት አንድ ዓይነት ነው። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ አንዱ ጥጥ፣ አንዱ ብረት።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ትራምፕ ስለ ሕዳሴው ግድብ ሲናገሩ ግብጽ ግድቡን ልታፈነዳው ትችላለች የሚል ነገር ካወጡ በኋላ በአሜሪካ ያለው ወገናችን በድምፃችን እንቀጣለን ብሎ ተነሣ። በዓመቱ ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት የባይደን አስተዳደር በያዘው አቋም የተቆጡት የቨርጂኒያ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በገዥው ምርጫ ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ድምፅ ስጡ ሲሉ ቀሰቀሱ። ያንግኪን አሸነፉ። «እኛ አስመረጥናቸው» የሚል ወሬ በየካፌው ሰምቻለሁ፤ ልዩነቱ ወደ ስድሳ ሺህ ስለነበር ወሬው ከማስረጃው ይቀድማል። ወሬው ግን አንድ ነገር በደንብ ገብቶታል። የጥቂት ሰው ቁጣ የሚሰማው ፉክክሩ በተቀራረበበት ግዛት ነው። ያው ቁጣ ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ቢሆን ማንም አይሰማውም።

አሜሪካውያን ራሳቸው አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ሥርዓት የሚያስቀር ማሻሻያ የተወካዮች ምክር ቤቱን 338 ለ70 አልፎ ሴኔት ውስጥ ታንቆ ሞተ። ማሻሻያ በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ፣ ከዚያ የ38 ግዛቶች ይሁንታ ይፈልጋል፤ የሚጠቀም ሰው ደግሞ የሚጠቀምበትን አይሰጥም። ስለዚህ ሌላ ብልሃት መጣ። ግዛቶች በመሐላ ተሳስረው «270 ድምፅ ያለን ስንሆን፣ በግዛታችን ማንም ያሸንፍ፣ ወኪሎቻችንን በመላ አገሪቱ ለበለጠው እንሰጣለን» የሚሉበት ስምምነት። ቀድማ የገባችው፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ሜሪላንድ ናት። የዘወትር ጥጥ መሆን ሰልችቷት ይሆናል።

እስካሁን ወደ ባሕር ማዶ ስናይ ቆየን። ጉለሌስ?

የጉለሌ መራጭ በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ዕለት ሁለት ወረቀት ተሰጥቶታል፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት። በሁለቱም ላይ የጠቅላይ ሚኒስትር እጩ የሚል ዝርዝር የለም፤ የከንቲባም የለም። እኛም በመካከል ሰው ነው የምንመርጠው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከአባላቱ መካከል የሚመርጠው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ ርዕሰ ብሔሩን ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጡታል፣ ከንቲባውን የከተማው ምክር ቤት። የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ስፍር ደግሞ የአሜሪካኖቹን የሚያውቅ ሰው አይቶ ፈገግ የሚልበት ነው። ለእያንዳንዱ ብሔር ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ መቀመጫ፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ይጨመራል። እኩልነትንና ብዛትን በአንድ ድስት። አባላቱን የሚልኩት ክልሎች ናቸው፤ አዲስ አበባ ክልል አይደለችምና የራሷን ሰው አትልክም። ዋሽንግተን ዲሲም ሴናተር የላትም፤ በፕሬዚዳንት ምርጫ 3 ድምፅ ያገኘችውም ሕገ መንግሥቱ በእ.ኤ.አ. 1961 ተሻሽሎ ነው። ሁለቱ ዋና ከተሞች ቢገናኙ ብዙ የሚጫወቱት ነበራቸው።

አሸናፊው ሁሉን የሚጠቀልልበትንም ደንብ እናውቀዋለን። በየምርጫ ወረዳው አንድ ድምፅ የበለጠ ወንበሩን ይወስዳል፣ ሌላው ባዶ እጁን ይሄዳል። አዲስ አበባ በተወካዮች ምክር ቤት 23 ወንበር አላት። በ1997 ተቃዋሚው ቅንጅት 23ቱንም ወሰደ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበርም 137ቱን። በ2002 ገዥው ግንባር ኢሕአዴግ ከ23ቱ 22ቱን ወሰደና ለተቃዋሚው መድረክ አንድ ብቻ ቀረች፤ አቶ ግርማ ሰይፉ በ547 ሰው መካከል ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ድምፅ ሆነው አምስት ዓመት ተቀመጡ። በሁለቱ ምርጫዎች መካከል ብዙ ነገር ተፈጥሯል፣ እስርም መከፋፈልም፤ እሱ የሌላ ምዕራፍ ነው። ግን በ1997 ቅንጅትን የመረጠው ሕዝብ ከነቤቱ ተነቅሎ ከከተማዋ አልወጣም። ወንበሩ ግን ከሁሉ ወደ አንድ ሄደ። ወንበር ሲቆጠር ሰው አይቆጠርም።

በወኪል መምረጥ ለኛ አዲስ አይደለም። በ1923ቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ፤ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ ለጊዜው በሚል። ከጆርጅ ሜሰን ዓይነ ስውር ጋር ቢተያዩ ይተዋወቃሉ። «ለጊዜው» ያለው ሕግ ተለውጦ ሕዝቡ በቀጥታ የመረጠው ከ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን ንጉሠ ነገሥቱን የሚነካ ወረቀት አልነበረም።

ከሁሉ ግን ለኤሌክቶራል ኮሌጅ የሚቀርበው የኛ ጉዳይ በየትኛውም ሕገ መንግሥት ውስጥ አልተጻፈም። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ በየካቲት 2010 ሥልጣን እንደሚለቁ ሲያስታውቁ፣ ከ547ቱ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር አንዱም ከኢሕአዴግና ከአጋሮቹ ውጭ አልነበረም። ስለዚህ የግንባሩን ሊቀመንበር የመረጠ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን መረጠ። ሊቀመንበሩን የሚመርጠው ደግሞ የኢሕአዴግ ምክር ቤት ነው፤ 180 ሰው። ስፍሩ እንዲህ ነው፤ የኦሮሚያው ኦህዴድ 45፣ የአማራው ብአዴን 45፣ የደቡቡ ደኢህዴን 45፣ የትግራዩ ሕወሓት 45። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ኦሮሚያ ወደ 27 ሚሊዮን፣ አማራ ወደ 17 ሚሊዮን፣ ደቡብ ወደ 15 ሚሊዮን፣ ትግራይ 4.3 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራቸው። የብዛቱ ክፍል የለም፤ እኩልነቱ ብቻ ነው ያለው። ዋዮሚንግና ካሊፎርኒያ እኩል 45። የሶማሌ፣ የአፋር፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ የጋምቤላና የሐረሪ ፓርቲዎች «አጋር» ይባላሉ እንጂ በዚያ አዳራሽ ድምፅ አልነበራቸውም። አዲስ አበባም በስሟ የተሰፈረ የላትም።

እንዲህ ያለ ስፍር በሜዳ ላይ ብዙ ሰው ያለውን ሳይሆን በአዳራሽ ውስጥ የሚያጣምረውን ያስመርጣል። 45 የያዘ አንድ ፓርቲ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ሁለቱ ከተጣመሩ ግን 90 ናቸው፣ አንድ ሰው ሲጨመርባቸው ያልፋሉ። አገሩ ሁሉ ሬዲዮውን ከፍቶ ሲጠብቅ የሰነበተውም ይህንኑ ጥምረት ነው። መጋቢት 18 ቀን ማታ ውጤቱ ተሰማ። አቶ ደመቀ መኮንን ራሳቸውን ከውድድሩ አግልለው ነበር። ዶክተር ደብረፅዮን ገብረሚካኤል 2፣ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ 108። መጋቢት 24 ቀን የተወካዮች ምክር ቤቱ ተሰብስቦ አጸደቀው።

በዚያው ሰሞን ለፋሲካ ነጠላ ልገዛ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ከታች እስከ ላይ ሰዉ ሁሉ ስለ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው የሚያወራው። እትዬ ደስ ብሏቸዋል፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ልጃቸው ደውላ እልል ብላለች።

«ያኔ የነገርከኝ የአሜሪካኖቹን ነው» አሉኝ ነጠላውን እየዘረጉ። «የኛስ? ስንት ድምፅ አገኘ ልጁ?»

«መቶ ስምንት።»

«መቶ ስምንት ሺህ?»

«ሺህ የለውም፣ እትዬ። መቶ ስምንት።»

ጥለቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃን ዞር አደረጉት፣ አዩት። «ይኸኛውን ውሰድ» አሉኝ፤ «ቀለሙ አይለቅም።»